የምስር ነገሥታት በዶሮ ማነቂያ

ባለፈው ሳምንት ልጄን ይዤ ፒያሳ አካባቢ ሐኪም ቤት ሄጄ ነበር። ሳል ከያዛት አሥር ቀን ሆኗታል። ሐኪሙ ጀርባዋን አዳመጠ፣ አፏን አስከፍቶ አየ፣ ጉንፋን ነው ብሎ ሽሮፕ አዘዘላት። «እርግጠኛ ነህ ዶክተር?» አልኩት። ነኝ አለ። በሩ ጋ ደርሼ ተመለስኩና ደግሜ ጠየቅኩት። ልጄ እጄን ጎትታ አወጣችኝ። አሥራ አራት ዓመቷ ነው፣ በእኔ ማፈር ጀምራለች። ምን ላድርግ፣ እሷ ስትስል የእኔ እጅ ይቀዘቅዛል።

በእግራችን ቁልቁል ወረድን። ዶሮ ማነቂያ የነበረበት ጋ ስንደርስ ቆም አልኩ። ሰፈሩ ፈርሶ ሰፊ መንገድ ሆኗል። ሣር ተተክሎበታል፣ የድንጋይ መቀመጫ ተደርድሮበታል፣ ረጃጅም መብራት ቆሞበታል። ያምራል። የእኛ ቤት በየትኛው መብራት ሥር እንደነበር ልለይ ብዬ ዞር ዞር አልኩ፤ አልቻልኩም። እኔ ሰፈሬን የማውቀው በግድግዳው ነበር፤ እዚህ ጋ የጎበጠ ቆርቆሮ አለ፣ እዚያ ጋ ጭቃው ተቦርቡሯል እያልኩ በእጄ እየነካሁ ነው የማልፈው። ግድግዳው ከሌለ በምን ልያዘው።

ልሄድ ስል አንዲት ልጅ በባልዲ ሳምቡሳ ይዛ በአጠገባችን አለፈች። የጋለ ዘይት፣ የምስር፣ የቃሪያ ሽታ። መቀመጫው ላይ ቁጭ አልኩ።

«እማ፣ ደከመሽ?» አለች ልጄ።

«የለም። ሰው ትዝ ብሎኝ ነው።»

«ማን?»

ያን ጊዜ ልነግራት አልቻልኩም። ስለዚህ እዚህ እጽፈዋለሁ።

ስምንት ዓመቴ ነበር። ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ፣ ትምህርት ቤት ተዘግቶ፣ ዝናቡ ገና መጀመሩ ነው። እናቴ ልብስ አጣቢ ነበረች። በልጅነቷ ከገጠር ብቻዋን መጥታ በዚያው የቀረች፣ ዘመድ የሌላት ሴት ናት። ፒያሳ ፎቅ ላይ የሚኖሩ ሰዎችን አንሶላ በጀርባዋ ተሸክማ ታመጣለች፣ ግቢው ውስጥ ታጥባለች፣ ሲደርቅ አጣጥፋ ትመልሳለች። ስሟ ዓለምነሽ ነው፤ ዓለምነሽ ብሎ የሚጠራት ሰው ግን አልነበረም። ሰፈሩ «የብርቄ እናት» ነበር የሚላት። ብርቄ እኔ ነኝ። «የብርቄ እናት፣ ዝናብ መጣ፣ አንሶላሽን» ይሏታል። «የብርቄ እናት፣ ሳሙና አበድሪኝ» ይሏታል። እኔ በመወለዴ ስም ያወጣሁላት ይመስለኝና እኮራ ነበር።

የምንኖርበት ግቢ አምስት በር ነበረው። ከእኛ ቀጥሎ ያለው በር የእትዬ አስካለ ነው። እትዬ አስካለ አጭር፣ ደልደል ያሉ፣ ሲስቁ አንድ የወርቅ ጥርስ ብልጭ የሚልባቸው አሮጊት ነበሩ። የምስር ሳምቡሳ እየጠበሱ ከሲኒማ ቤቱ በታች ካለው ጥግ ይሸጣሉ። ወጣት ሳሉ የአንድ ትልቅ ሰው ልጆች ሞግዚት ሆነው ካይሮ ሦስት ዓመት ኖረዋል። ካይሮ ግን አይሉም፣ ግብፅም አይሉም፤ እዚያ እንደለመዱት «ምስር» ነው የሚሉት። «ምስር ሳለሁ» ብለው ከጀመሩ በቃ፣ ወሬው ረጅም ነው። ሰፈሩም «አስካለ ምስር» የሚል ስም አወጣላቸው። ትልልቆቹ ስሙ ከየት እንደመጣ ያውቃሉ። እኛ ልጆቹ ግን ከሳምቡሳው የመጣ ነበር የሚመስለን። ሌላ ከየት ይመጣል?

የፒያሳ ጎረምሶች ደግሞ ከእሳቸው ወሬ የተነሣ ሳምቡሳውን «ፈርዖን» ይሉታል።

«እትዬ፣ ሁለት ፈርዖን። ቃሪያ የበዛበት።»

«ፈርዖን በቃሪያ አይበላም፣ ባለጌ።»

«ታዲያ በምን ይበላ?»

«በአክብሮት። ኮፍያህን አውልቅ።»

አውልቆ ይበላል።

ያን ክረምት እማዬ ማሳል ጀመረች። መጀመሪያ ጠዋት ጠዋት ነበር፤ ኋላ እጇ ውኃ በነካ ቁጥር ሆነ። አንድ ቀን ሐኪም ቤት ሄዳ ስትመለስ «ከነገ ጀምሮ ቀን ቀን እትዬ አስካለ ጋ ዋዪ፣ ምስር ልቀሚላቸው» አለችኝ። ማታ ስመለስ መኝታዬ ከእሷ ተለይቶ በሩ ሥር ተነጥፏል። ጣሳዋም ለብቻ ተቀምጧል። ላቅፋት ስጠጋ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ «እዚያ፣ እዚያ» አለችኝ።

የተቆጣችኝ መሰለኝ። ምን እንዳጠፋሁ ሳስብ አንድ አንሶላ ትዝ አለኝ፤ አጥሩ ላይ ሳሰጣው ሽቦ ይዞት የተቀደደው። እሱ ነው አልኩ። ሌሊቱን ሁሉ ጀርባዋን እያየሁ ይቅርታ እንዴት እንደምጠይቅ አስባለሁ፤ ሲነጋ ይጠፋኛል።

ሰዎች ደግሞ «የብርቄን እናት ሳምባ ነው የያዛት» ሲሉ ሰማሁ። ሳምባን ከሳምቡሳ ለይቼ አላውቅም ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ እትዬ አስካለ የሚሰጡኝን ሳልበላ ቀረሁ።

«ብይ እንጂ፣ ምን ሆነሻል?»

«ጠግቤአለሁ።»

«ምን በልተሽ?»

«እማዬን የያዛት እሱ ነው አሉ።»

ነገሩ ገባቸው። ከዚያ ሊጥ የነካ እጃቸውን ደረቴ ላይ አደረጉ። «ሳምባ እዚህ ውስጥ ያለች ናት፣ አየር የምትስቢባት። ሳምቡሳ የሚገባው ደግሞ እዚህ ነው» ብለው ሆዴን ነካ አደረጉኝ። ቀሚሴ ላይ ሁለት ነጭ የእጅ ምልክት ቀረ። በላሁ። ግን እያንዳንዷን ጉርሻ የት እንደምትሄድ እየተከታተልኩ ነው የበላሁት።

ሥራዬ እንዲህ ነበር። ሰፌዱን ጭኔ ላይ አድርጌ ምስሩን እበትናለሁ። ጠጠሩን ለብቻ፣ ገለባውን ለብቻ፣ ነቀዝ የበላውን ለብቻ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ከተቀመጥኩበት ዱካ ፈቀቅ እላለሁ፤ የሚያፈስበት ቦታ አለ። እትዬ አስካለ ከፊቴ ሆነው ሊጡን እየዳመጡ ያወሩኛል።

«አርብ አርብ የእመቤቴን ልጆች ሙዚየሙ ድረስ እወስዳቸው ነበር። ውጪው እሳት ነው፤ እዚያ ውስጥ ግን ቀዝቀዝ ይላል። ዘበኛው አውቆኝ ወንበር ይሰጠኛል። ልጆቹ ይሯሯጣሉ፣ እኔ ከነገሥታቱ ጋር እቀመጣለሁ። የምስር ነገሥታት ሲሞቱ እንደኛ ዝም ብለው አይቀበሩም። ይታጠባሉ፣ ይደርቃሉ፣ ዘይት ይቀባሉ። ከዚያ በስስ ጨርቅ ጥቅልል ይደረጋሉ። የጥንቶቹ ደግሞ መጨረሻ ላይ ሦስት ማዕዘን ቤት ውስጥ ይገባሉ።»

ይኼን እያሉ እጃቸው ስሱ ሊጥ ላይ ምስሩን ያደርጋል፣ ዘይት በነካ ጣት ጠርዙን ያረጥባል፣ ሦስት ማዕዘን አድርጎ ይጠቀልላል። ታዲያ እኔ ምን ልበል? የሚሉትን በዓይኔ እያየሁት ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ምስር ስለቅም ነገሥታቱን መፈለግ ያዝኩ። ትልልቁ፣ ቀላ ያለው ንጉሥ ነው። ዝርግ ያለችው ንግሥት ናት። ንጉሥ ተጠብሶ ጎረምሳ እንዲበላው ስላልፈለግኩ በክብሪት ቀፎ አስቀምጣቸው ነበር። ቀፎው ሲሞላ እትዬ አስካለ አገኙት።

«ይኼ ምንድነው ብርቂቱ? ለዘር ነው?»

«ነገሥታቱ ናቸው።»

«የምን ነገሥታት?»

«የምስር።»

መዳመጫውን አስቀመጡ። ቀፎውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ሰፌዱን አዩ። ከዚያ ሳቁ፤ እንባቸው ሊጡ ላይ እስኪንጠባጠብ ሳቁ። «ምስር እኮ አገር ነው ልጄ» ሲሉ እንደገና ያዛቸው። ተነሥተው ከአልጋቸው ሥር የቆርቆሮ ሳጥን ሳቡ፤ ውስጡ የብል መድኃኒት ይሸታል። ፖስታ ካርዶች ነበሩበት። አንዱን ሰጡኝ፤ የወርቅ ፊት፣ ዓይኑ የተኳለ፣ ራሱ ላይ እባብ ያለበት። ከምስር ፍሬ ጋር የሚያገናኘው አንድም ነገር የለም። አፈርኩ። ከማፈሬ በላይ ግን አዘንኩ፤ ከጭኔ ላይ አንድ አገር የወሰዱብኝ መሰለኝ።

እትዬ አስካለ በዚያው ቀን ለደንበኛው ሁሉ አወሩት። ጎረምሶቹ «የነገሥታቱ ዘበኛ» የሚል ስም አወጡልኝ። «ዘበኛ፣ ዛሬ የሚበላ ንጉሥ አለ ወይስ ሁሉም ስብሰባ ላይ ናቸው?» ይሉኛል። አፍሬ ሁለት ሳምንት ከፒያሳ ፊቴን ሸሸግኩ።

የነገሥታቱ ወሬ ግን ከዚያ በኋላ ባሰበት። አሁን መልካቸውን አውቀዋለሁና። እትዬ አስካለ ስለ ነገሥታቱ የሚያወሩት ከታች እሪ በከንቱ ሰፈር ስለሚኖር ጎረቤት እንደሚወራ ነው።

«ይኼ የወርቁ ልጅ ቱት ይባላል። ልጅ ሆኖ ነገሠ፣ ጺም ሳያወጣ ሞተ። እግሩን ያመው ነበር መሰለኝ፣ ቁጥር የሌለው ከዘራ አብሮት ቀብረዋል። እናቱን ነው እኔ የማስባት።»

«ይኼ ደግሞ ራምሴስ ነው። ልጆቹን ቆጥሮ የማይጨርስ። ሬሳውን ተጋድሞ አይቼዋለሁ፤ ፀጉሩ ቀላ ያለ፣ አፍንጫው ቀጥ ያለ። ሞቶም ቁርስ የዘገየበት ሽማግሌ ነው የሚመስለው።»

«ይችኛዋ ናት ዋናዋ። አጤ ሼፕሱት።»

«ሴት አጤ ትባላለች?» አልኩ። «እቴጌ ነው እንጂ።»

«እቴጌ አልበቃትም። ባሏ ሞቶ የእንጀራ ልጇ ሕፃን ነበር፤ ዙፋኑን ልትጠብቅለት ተቀመጠች፣ ተመቻት፣ በዚያው ነገሠች። ወደኛ ባሕር ዳርቻ ሁሉ መርከብ ልካ የእጣን ዛፍ ከነሥሩ አስነቅላለች ይላሉ። ጺም አድርጋ ነው የቆመችው።»

«ከየት አምጥታ?»

«አሰረችዋ። ወንዶቹስ ቢሆኑ መች የራሳቸው ነበር፣ ሁሉም የሚያስሩት ነው።»

በነጋታው ዱቄት አገጬ ላይ ቀብቼ ሳምቡሳ ለመሸጥ ወጣሁ። ማንም አጤ አላለኝም። «ፊትሽን ታጠቢ» አሉኝ። ሐትሼፕሱት የሚባል አንድ ሙሉ ስም መሆኑን ያወቅኩት በቅርቡ ልጄ ከትምህርት ቤት ባመጣችው መጽሐፍ ነው። እስከዚያ ድረስ አጤ ማዕረጓ መስሎኝ ነው የኖርኩት።

ማታ ማታ ይኼን ሁሉ ለእማዬ እነግራታለሁ። በሩ ሥር ሆኜ ለጀርባዋ ነው የምነግረው።

«ፈርዖን እኮ ልቡ የደነደነ ነው» አለችኝ አንድ ማታ። «ባሕር ነው የዋጠው። ምን ያደርጉልሻል?»

ጠዋት ለእትዬ አስካለ አደረስኩ። «አንዱን ባሕር ቢውጠው ሌሎቹ ምን በደሉ በያት» አሉኝ። ማታ ይኼንን ለእማዬ አደረስኩ። ሳቀች። ሳቋ ሳል ሆነ፣ ሳሉ ረዘመ፣ እጇን ወደ ኋላ ዘርግታ ውጪ አለችኝ። ግቢው ውስጥ ዝናብ ላይ ቆሜ እስኪያልፍላት ጠበቅኩ። ከዚያ ወዲህ የሚያስቅ ነገር መንገር ተውኩ።

ፍልሰታ ገባ። በጾም የምስር ሳምቡሳ ገበያ ነው፤ ቀኑን ሙሉ እንለቅማለን፣ እንጠቀልላለን። እማዬ ማጠብ አቁማለች። ጎረቤቶች ተራ ገብተው ሾርባ ያመጡላታል፣ በሩ ላይ አስቀምጠው ይመለሳሉ። ክንዷ የሰው ልጅ ክንድ የማይመስል እየሆነ ሄደ። የምትሞት እንደሆነ ማንም አልነገረኝም፤ ሴቶቹ እኔ ስገባ ወሬ ሲያቆሙ ግን አወቅኩት።

በነዚያ ቀናት ነው እትዬ አስካለን የጠየቅኳቸው። «የአጤ ሼፕሱት ሬሳዋ የትኛው ነው?»

«አልተገኘም። የሌሎቹ ተገኝቷል፣ የእሷ የለም። የእንጀራ ልጇ ኋላ ስሟን ከየግድግዳው በመሮ አስፋቀው።»

«ለምን?»

«እዚያ አገር ሰው ጨርሶ የሚሞተው ስሙ የጠፋ ዕለት ነው። ስሙ የትም ቦታ ተጽፎ እስካለ ድረስ አለ ነው የሚሉት። ለዚህ ነው ነገሥታቱ ስማቸውን ቀለበት ውስጥ የሚያስጽፉት።» አንድ ካርድ አወጡ። ድንጋይ ላይ ሁለት ሞላላ ቀለበቶች ጎን ለጎን አሉ፤ ውስጣቸው ወፍ፣ ጥንዚዛ፣ ፀሐይ። «አየሽ፣ ቀለበቱ ገመድ ነው፤ ሥሩ ላይ ተቋጥሯል። ስሙ እንዳይወጣ፣ ሞት እንዳይገባ።»

«ለምን ሁለት ሆነ?»

«ሁለት ስም ስላላቸው ነዋ። አንዱ ሲወለዱ የወጣላቸው፣ አንዱ ሲነግሡ። እኛስ ሁለት አይደል ያለን? የቤትና የክርስትና።»

«እሷ ታዲያ ተፍቃ አለቀች?»

«የለም። ፋቂዎቹ ያላዩት፣ ጨለማ ቦታ የቀረ ነበር። እሱ ነው ያተረፋት።»

በማግስቱ እትዬ አስካለ እማዬን ደግፈው ሐኪም ቤት ሲወስዷት ከሰል ይዤ ቤት ቀረሁ። ግድግዳችን ላይ ጋዜጣ ተለጥፎ ነበር። ከራስጌዋ በኩል፣ ጨለማው ጋ፣ ጋዜጣውን ቀስ ብዬ ገለጥኩና ጭቃው ላይ ሁለት ቀለበት ሠራሁ፤ ሥሩን ቋጠርኩት። አንዱ ውስጥ ዓለምነሽ ብዬ ልጽፍ ስል በየትኛው «አ» እንደሚጻፍ አላወቅኩም። በፊደል ስሕተት ሞት ቢገባስ? ሁለቱንም ጻፍኩ፤ ከላይ በአልፋው፣ ከታች በዓይኑ። ሁለተኛው ቀለበት ባዶውን ቀረ። የክርስትና ስሟን አላውቀውም።

«እትዬ፣ እማዬ የክርስትና ስሟ ማነው?» አልኳቸው ሲመለሱ።

እጃቸው ሊጡ ላይ ቆመ። «አላውቅም። ምን ያደርግልሻል?»

«እንዲሁ።»

«እንዲሁ አይጠየቅም። የታመመ ሰው ደግሞ ጭራሽ አይጠየቅም። ሰምተሻል?»

ለምን እንደሆነ አልነገሩኝም። ዛሬ አውቀዋለሁ። የታመመን ሰው የክርስትና ስም የሚጠይቅ ወይ ድግምት ሊያስደግምበት ነው፣ ወይ ለፍትሐት ሊያዘጋጀው ነው። እማዬን ክርስትና ያነሷት ገጠር ነው። እዚህ የያዘቻቸው ነፍስ አባት ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት አርፈዋል። ስሟን ከእሷ በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ጠየቅኳት።

ጀርባዋን ሰጥታኝ ተኝታለች። ጥያቄውን ስትሰማ ቀስ ብላ ዞረች፤ ከስንት ቀን በኋላ ፊቷን አየሁት፤ ዓይኗ ብቻ ነው የቀረው።

«ማነው ጠይቂያት ያለሽ?»

«ማንም።»

«ሐኪሙ ለእትዬ አስካለ የነገራቸው ነገር አለ?»

«እኔ እንጃ።»

«ብርቄ፣ አትዋሺኝ። ስንት ቀን አሉ?»

«የምን ስንት ቀን?»

መልሳ ወደ ግድግዳው ዞረች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ ድምፅ ግን የለውም። ሁለት ቀን አላናገረችኝም። እትዬ አስካለ ሲሰሙ ጆሮዬን ያዙ፤ ሊቆነጥጡኝ ነበር፣ ከዚያ ተውኝ። ብትቆነጥጠኝ፣ ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር እማዬ። የእሷ ዝምታ ከሳሏ የበለጠ ያስፈራ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጠራችኝ። የታጠበ ነጠላ ለብሳ፣ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣለች።

«ነይ፣ አጠገቤ ነይ።»

«እዚያ አትይኝም?»

«ነይ ስልሽ።»

ነጠላውን ሁለት እጥፍ አድርጋ አፏ ላይ ያዘች። «ለምን እንደፈለግሽው ንገሪኝ» አለች። ነገርኳት። ስለ ቀለበቱ፣ ስለ ቋጠሮው፣ ስለተፋቀችው አጤ፣ ከጋዜጣው ጀርባ ስለጻፍኩት። እማዬ ማንበብ አታውቅም። እስክጨርስ ሰማችኝ።

«የመጀመሪያውን በትክክል ጻፍሽው?»

«በየትኛው 'አ' እንደሆነ ስላላወቅኩ ሁለቱንም ጻፍኩት።»

ዓይኗ ሳቀ። እኔም የልቤን አወጣሁ። «በአንሶላው ነው የተቆጣሽኝ?»

«በየቱ አንሶላ?»

«በተቀደደው።»

ምን እንደምል ገባት። ነጠላውን አጥብቃ ያዘችና ሌላ እጇን ራሴ ላይ አደረገች። «አልተቆጣሁሽም። ትንፋሼ እንዳይነካሽ ነው። ያለሽኝ አንቺ ነሽ» አለች። ከዚያ ጆሮዬን አስጠጋችና በነጠላው ውስጥ ተናገረች። የጨርቁ ሙቀት፣ የሳሙናው ሽታ፣ ስሟ፤ ሦስቱ አንድ ላይ ነው የገቡት።

«ወለተ ሰንበት።»

«እሑድ ነው የተወለድሽው?»

«እንጃ። ለማንም አትንገሪ። ቀለበትሽ ውስጥ አስቀምጪው።»

በዚያው ዕለት ጻፍኩት፤ እሷ እያየችኝ። ጋዜጣውን ራሷ መልሳ ለጠፈችው። ከዚያ በኋላ ጥቂት ቀናት ደህና ሆነች። በር ላይ ወጥታ ፀሐይ ሞቀች፣ ሾርባ ጨመሩላት፣ እኔን ፀጉሬን አበጠረችኝ። ለማንም ባልናገርም በልቤ ነገሩን ጨርሼዋለሁ፤ ሞት መግቢያ የለውም።

የጳጉሜ ሦስት ዝናብ ጠበል ነው ይባላል። ልጆች ሁሉ ግቢው ውስጥ ልብሳችንን አውልቀን እየጮህን ተጠመቅን። እኔ ጣሳ ይዤ ወጥቼ ነበር። ከቆርቆሮው ጫፍ ሳይሆን ከሰማዩ ብቻ የሚወርደውን እስኪሞላ ድረስ ያዝኩላት። ይዤ ስሮጥ ሴቶች በራችን ላይ ቆመዋል። አንዷ ጣሳውን ከእጄ ወሰደችው። ሌላዋ ነጠላዋን አለበሰችኝ። እንዳልገባ ያዙኝ። እትዬ አስካለ ከውስጥ ወጡ፤ መቀነታቸውን ጠበቅ አድርገው ታጥቀዋል። ያኔ እንኳን አላመንኩም።

በማግስቱ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልላ ሳያትም አልደነገጥኩም። ነገሥታቱም እንደዚያ ናቸው።

ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ዛፍ ሥር አሳረፏት። ካፊያ ነበር። ቄሱ ጥላ ይዘው መጡ።

«ስመ ክርስትናዋ ማነው?»

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። «የብርቄ እናት ነው የምንላት» አለ አንዱ።

«የክርስትና ስሟን ነው ያልኩት።»

«ዓለምነሽ ናት፣ አባ።»

«እሱ የዓለም ስሟ ነው። ዘመድ የለም? ነፍስ አባቷስ?»

«አርፈዋል።»

ዘጠኝ ዓመት አብረዋት የኖሩ፣ ሳሙና የተበደሯት፣ ሾርባ ያመላለሱላት ሰዎች ሁሉ መሬት መሬቱን አዩ። እኔ የእትዬ አስካለን ነጠላ ጫፍ ይዤ ቆሜአለሁ። ጥርሴን ነክሼዋለሁ። ስሙ አፌ ውስጥ ነው።

እትዬ አስካለ አጎነበሱ። «ብርቂቱ፣ አንቺ ታውቂዋለሽ አይደል?»

ነጠላቸውን አጥብቄ ያዝኩ።

«ነግራሻለች።»

«ለማንም አትንገሪ ብላኛለች።»

«ለማንም ማለት ለሰው ማለት ነው። ይኼ ለሰው አይደለም።»

«ቀለበቱ ውስጥ ነው ያለው። ካወጣሁት ትሞታለች።»

ፊታቸው ተለዋወጠ። ያን ክረምት ሙሉ ምን ሲነግሩኝ እንደከረሙ ያኔ ነው የገባቸው መሰለኝ። ጭቃው ላይ ተንበረከኩ። «እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አሉ። «ነገሥታቱም ሞተዋል ልጄ። በዓይኔ ነው ያየኋቸው። የቀረው ስማቸው ነው፤ እሱም የሚጠራው ስላለ ነው። ካልጠራነው ባዶ ገመድ ነው።»

ቄሱ አልተቆጡም። ጥላውን ወደ እኔ ዘንበል አድርገው ጠበቁ።

ተናገርኩት። ለራሴም አልተሰማኝም።

«ማን አልሽ ልጄ?»

ደገምኩት። አሁንም አልሰሙኝም፤ ካፊያው ጥላውን ይመታል። ሦስተኛ ጊዜ ስናገረው ከዛፉ ማዶ የቆሙት ወንዶች ሁሉ ቀና አሉ።

ዜማው ተጀመረ። ግእዝ አላውቅም፤ ከዚያ ሁሉ ቃል መካከል አንዱን ብቻ ለይቼ እሰማለሁ። ስሟ ይመጣል፣ ያልፋል፣ እንደገና ይመጣል። በመጣ ቁጥር እማዬን የሚያህል ትልቅ ሴት የተጠራች ይመስለኛል። አላለቀስኩም። ልቅሶው የመጣው ኋላ ነው፣ ቤት ገብተን አልጋዋን ባዶውን ሳየው፤ ከዚያም ብዙ ቀን አልቆመም።

ለቅሶ የሚደርሱ ሴቶች በማግስቱ ጠዋት መጡ። በሩ ጠባብ ስለሆነ አንዷ እዚያው ቆማ ጨለማው ውስጥ ፈለገችኝ። ያቺ ሴት ከተወለድኩ ጀምሮ እማዬን በእኔ ስም ስትጠራት የኖረች ናት።

«የወለተ ሰንበት ልጅ የታለች?» አለች።

«እኔ ነኝ» አልኩ።